የ99 ቀን ንጉሥ በደራ

በደራ ከተማ አንዲት ሙዳይ ነበረች ይባላል። ደራን ለማያውቅ፣ ከአዳማ ተነስቶ አዋሽን ከተሻገረ በኋላ ወደ ኢተያና ወደ አሰላ በሚወጣው መንገድ ላይ የምትገኝ የዶዶታ ወረዳ ከተማ ናት፤ ዝናቡ በወጉ ከመጣ ጤፉም ሽንኩርቱም የሚያምርባት፣ ከቀረ ደግሞ ሰዉ ሰማይ ሰማይ የሚያይባት ቆላ። ሙዳይዋ ከአክርማ የተሰፋች፣ ክዳኗ ቆዳ የለበሰ፣ ከእፍኝ ብዙም የማትበልጥ ነበረች። በውስጧ አንዲት የወርቅ ሳንቲም፣ በሳንቲሟ ላይ ደግሞ ጢማም ፈረንጅ ነበሩ።

ሳንቲሟን ያኖራት ከ1928ቱ የጣሊያን ጦርነት በፊት ከአዳማ ባቡር ጣቢያ በበቅሎ እየመጣ ቆዳና ሌጦ የሚገዛ የውጭ ሰው ነው። ግሪክ ነበር የሚሉ አሉ፣ አርመን ነበር የሚሉም አሉ፤ ታሪኩን የሚያወሩት ሁሉ ግን «ነጋዴው» ብለው ያልፉታል። በደራ ሲያልፍ የሚያድረው አንድ ገበሬ ቤት ነበር። የጦርነቱ ወሬ እየበረታ ሲሄድ አንድ ማታ ሳንቲሟን ከወገቡ ፈትቶ ለገበሬው ሰጠና፣ «ይቺን ያዝልኝ። ስመለስ እወስዳታለሁ፤ እኔ ብቀር ልጄ ይመጣል፣ ልጄ ቢቀር የልጄ ልጅ» አለው። ገበሬው ከዚያ በፊት ወርቅ በእጁ ይዞ አያውቅም። «አደራህን ተቀብያለሁ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ደረሰኝ የለ፣ ምስክር የለ፤ ሚስቱ ቡና እያፈላች ሰምታለች፣ እሱ ምስክር ከተባለ። ነጋዴው በማግሥቱ ወደ አዳማ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

ስለ ሳንቲሟ ትንሽ ልናገር። የጀርመን 20 ማርክ ናት። ክብደቷ 8 ግራም ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ስፋቷ 22.5 ሚሊሜትር፣ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ንጹሕ ወርቅ፣ የቀረው መዳብ። በአንድ ወገን ንስርና 1888 የሚል ዓመት አለባት፤ በሌላው ወገን የካይዘር ፍሬድሪክ ምስል፣ ከሥሩም በርሊን መቀረጿን የምታመለክት አንዲት ፊደል። በጠርዟ ዙሪያ በጀርመንኛ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ተብሎ ተጽፎባታል። ያ ዓመት ጀርመኖች ሦስት ንጉሠ ነገሥት ያዩበት ነው። ሽማግሌው ቀዳማዊ ዊልሄልም በመጋቢት ሞቱ። ልጃቸው ፍሬድሪክ ዙፋኑን ሲወርሱ የጉሮሮ ካንሰር ድምፃቸውን ወስዶት ነበር፤ የሚሉትን በቁራጭ ወረቀት እየጻፉ ለሹማምንቱ ሲሰጡ ሰንብተው በ99ኛው ቀን ዐረፉ። ዙፋኑ ለልጃቸው ለዳግማዊ ዊልሄልም ተላለፈ። አንድ ትእዛዝ በአንደበታቸው መስጠት ያልቻሉት ንጉሥ ግን መልካቸው ከ5 ሚሊዮን በላይ በሆኑ የ20 ማርክ ወርቆች ላይ ተቀርጾ ዓለምን ዞረ። ያው ዓመት በእኛ 1880 ነው፤ ከብቱ በደስታ በሽታ ማለቅ የጀመረበት፣ የክፉ ቀን መግቢያ። ሁለቱን እኔ ነኝ ያጎራበትኳቸው፤ ሳንቲሟ ይህን አታውቅም።

ወርቁስ ከየት መጣ? ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1871 አንድ መንግሥት ስትሆን ያሸነፈቻትን ፈረንሳይን 5 ቢሊዮን ፍራንክ ካሣ አስከፈለች። በዚያው ዓመትና በ1873 ባወጣቻቸው ሕጎች የየግዛቱን የብር ታለር ትታ የወርቅ ማርክ አቆመች። የሰበሰበችውን ብር አቅልጣ ለገበያ አወጣችው፤ ሌሎች መንግሥታትም ተከተሏት፤ በአሜሪካ የተገኘው አዲስ የብር ማዕድን ተጨመረበት። በለንደን ገበያ በ1870ዎቹ መግቢያ 60 ፔንስ ገደማ ያወጣ የነበረው አንድ አውንስ ብር በ1890ዎቹ አጋማሽ ወደ ግማሹ ወረደ። ይህ ለሸዋና ለአርሲ ሰው ምኑ ነው ለሚል፣ ብዙ ነገሩ ነው። የእኛ መገበያያ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር፤ 28 ግራም የሚመዝን፣ ንግሥቲቱ በ1780 ከሞቱ በኋላ ዓመቱ ሳይነካ ከመቶ ዓመት በላይ ሲቀረጽ የኖረ። በማድጋ የተቀበረው ጠገራ አንድም ሳይጎድል፣ ሌባም ሳይደርስበት፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ጨርቅና ብረት የመግዛት አቅሙ ተመናመነ። በርሊን የተቀመጡ ሰዎች ብርን ከእንግዲህ አንፈልግም ማለታቸው አንዱ ምክንያት ነው። ነጋዴው ጠገራ ትቶ ወርቅ በወገቡ መታጠቁ እንግዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ወደ ሙዳይዋ እንመለስ። ጣሊያን ሊራውን ይዞ ገባ፤ ገበያው ጠገራውን አልለቅም አለ፤ ጣሊያን ራሱ ሮም ላይ ጠገራ እያስቀረጸ ያመጣ ነበር። በዚያ ዘመን የገበሬው ቤት ተራበ። ሚስቱ አንድ ማታ ሙዳይዋን ከተሰቀለችበት አውርዳ መደቡ ላይ አስቀመጠቻት፤ ቃል አልተናገረችም። ባልየው «የሰው ነው» ብሎ መልሶ ሰቀላት። በማግሥቱ ልጆቹን ይዞ ዘመድ ፍለጋ ወደ ደጋ ወጣ፤ በሰው ማሳ ገብስ ሲያጭድ ከረመ።

ወሬው ወጣ። ወርቅ እያላቸው ጦማቸውን ያደሩ ሰዎች እንዳሉ ደራ ሰማ። መጀመሪያ ሳቀባቸው። ከዚያ አንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤት የባሏ ወንድሞች እንዳይወስዱባት ሦስት ጠገራ በጨርቅ ቋጥራ መጣች። ቀጥሎ በሬ የሸጠ መጣ። ቀጥሎ ሙግት ላይ ያለ፣ መንገድ የሚሄድ፣ ልጁን ሊድር የሚያጠራቅም። ገበሬው አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ሙዳይዋን ከፍቶ ሳንቲሟን ያሳያል። «ባለቤቷ አልመጣም፤ እሷ ግን አለች» ይላል። ሌላ ማረጋገጫ አይሰጥም፣ የሚጠይቀውም አልነበረም። ወለድ አይከፍልም፣ የጠበቃ ዋጋም አይቀበልም። ቤቱ ግን ከዚያ ወዲያ ልጅ ሲድር ጥሎሽ አልተመዘነበትም፤ እህል ሲበደርም ዋስ አልተጠየቀም።

ሙዳይዋ ከገበሬው ወደ ልጁ፣ ልጁ ሲሞት ወደ ልጁ ሚስት ተላለፈች። ሴትየዋን ሰፈሩ በሙሉ «አኮ» ይላቸዋል፤ ኦሮምኛ ነው፣ የማንም ልጅ ይሁን እሳቸው ለሁሉም አያት ናቸው። አኮ ስንት ገንዘብ ሲሻር አይተዋል። በ1937 ጠገራው ሕጋዊነቱን ለባንክ ወረቀት ለቀቀ፤ በ1969 ደርግ የራሱን ኖት አወጣ፤ በመስከረም 2013 ደግሞ አሮጌው ኖት በሦስት ወር ውስጥ ይቀየር ተብሎ ታወጀ፣ ባለ 200 ብሩ ኖት ያኔ ተወለደ። በዚህ በመጨረሻው ጊዜ አኮ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። ቢሆንም አደራ ያኖረውን ሁሉ አስጠርተው፣ ፌስታሉን በፌስታልነቱ፣ ቋጠሮውን በቋጠሮው በእጃቸው እየዳሰሱ ለየባለቤቱ ሰጡ። ሰዉ ባንክ ሄዶ ተሰልፎ ቀየረና አዲሱን ኖት መልሶ እዚያው አመጣው።

ደራ ባንክ በሞላበት ዘመን ይህ ለምን አስፈለገ የሚል አይጠፋም። እኔም ብሆን እጠይቃለሁ። መልሱ ባንክ የሚወስደው ገንዘብ ብቻ መሆኑ ላይ ነው። ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጅ ያጠራቀመችውን የአንገት ሐብል ወንድሟ እንዲያውቅ አትፈልግም። ሁለት ወንድማማቾች የተጣሉበትን የመሬት ይዞታ ደብተር ሁለቱም በሌላው እጅ ማየት አይፈልጉም። የዕቁብ ዳኛ እጣው ያልወጣለትን ሰው ብር ቤቱ ማሳደር ይፈራል። አኮ ቤት ይህ ሁሉ ይገባል፤ የሚገባውም ሳይቆጠር ነው፣ የሚወጣውም ሳይቆጠር። በዚያ ቤት ገንዘብ መቁጠር ነውር ነበር።

አኮን የሚጦራቸው የልጅ ልጃቸው ነው። መጥፎ ልጅ አልነበረም፤ ይህን መናገር ግድ ይለኛል፣ በእንዲህ ያለ ታሪክ አጥፊው ከመጀመሪያው ክፉ ሆኖ ካልቀረበ ሰሚው ቅር ይለዋልና። ልጁ በ2015 መሬት ተከራየ፣ የውኃ ሞተር በዱቤ ወሰደ፣ ሽንኩርት ተከለ። ሽንኩርቱ አማረ። የጎረቤቱም አማረ። በዚያ ሰሞን የተከለው ሁሉ እኩል ደረሰና ገበያው ሞላ፤ ኪሎው የለቃሚውን የቀን ሂሳብ እንኳ አልችል አለ። የሞተሩ ባለቤት መጣ፣ የመድኃኒት ሻጩ መጣ፣ የመሬቱ ባለቤት መጣ። ልጁ የሰዎቹን ቋጠሮ አንዱንም አልነካም፤ አያቱ ያሳደጉት ልጅ ነው። ዓይኑ ያረፈው ባለቤት በሌላት ነገር ላይ ነው። «ሰማንያ ዓመት ያልመጣ ሰው በሦስት ወር ውስጥ አይመጣም» አለ ለራሱ። ስሌቱ ስህተት አልነበረበትም።

አዲስ አበባ ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ገባ። ወርቅ ሠሪው ሳንቲሟን ድንጋይ ላይ ፈትጎ ፈተናት፣ ሚዛን ላይ ጣላት፣ «ከ21 ካራት ትንሽ ከፍ ትላለች» አለና በግራም ቆጥሮ ከፈለው። ምስሉ የማን እንደሆነ አልጠየቀም። ሳምንት ሳይሞላ ካይዘር ፍሬድሪክ ቀልጠው የአንዲት ሙሽራ አምባር ውስጥ ገቡ። ልጁ አስቀድሞ በስልኩ ያነሳውን ፎቶ ለአንድ ብረት ሠራተኛ አሳይቶ ልኳን የጠበቀች፣ የወርቅ ቅብ ያላት የናስ ሳንቲም አሠራ። ዕዳውን ከፈለ። ናሷን ሙዳይዋ ውስጥ አስቀመጠ።

ከዚያስ? ምንም አልሆነም።

ይሄ ነው የታሪኩ አስፈሪ ቦታ። ሰዎች መጡ፤ ልጁ ሙዳይዋን እየከፈተ አሳየ፤ አይተው አመኑ፤ ያላቸውን አኖሩ። ናሷ የወርቋን ሥራ አንድ ሳታጎድል ሠራች። እንዲያውም አዲስ ቅብ ስለሆነች ከፊተኛዋ ይልቅ ታበራለች ያሉም ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ልጁ እንቅልፍ አጣ። ቀጥሎ ለመደው። ዓመቱ ሲያልፍ «ለካ ወርቋ አታስፈልግም ነበር» የሚል ሐሳብ ይመጣበት ጀመር።

ይህ ሐሳብ ያቺን ወርቅ በቀረጸው አገርም መጥቶ ያውቃል። ከፈረንሳይ ካሣ 120 ሚሊዮን ማርክ የሚያህለው ወርቅ በርሊን አጠገብ ስፓንዳው በሚባል ምሽግ፣ ዩልዩስ ግንብ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ በባለ 10 እና በባለ 20 ማርክ ሳንቲሞች፣ በ1,200 ሣጥን። ለጦርነት ቀን ተብሎ አርባ ዓመት ያህል ሳይነካ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1914 ቀኑ መጣና ወርቁ ወደ ማዕከላዊ ባንኩ ገባ፤ ባንኩም በዚያው በነሐሴ ወር ኖት ይዞ ለመጣ ሰው ወርቅ የመስጠት ግዴታው በሕግ ተነሣለት። የታዘዘ ነገር ነው፣ ማንም አልሰረቀም። በማግሥቱ ዳቦ ጋጋሪው ያንኑ ወረቀት ተቀበለ፤ ወረቀቱም ያው ማርክ ይባል ነበር። ሕዝቡ የጋብቻ ቀለበቱን ሳይቀር ለአገሩ ሰጥቶ በምትኩ የብረት ቀለበት አጠለቀ። ሹማምንቱ ወርቁ ለካ ግድ አልነበረም ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። ወረቀቱ መታተሙን ቀጠለ።

አኮ በየዓመቱ ለዘመን መለወጫ ሳንቲሟን አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ የመጥረግ ልማድ ነበራቸው። በ2016 እና በ2017 ታመው ስለነበር ልጁ «እኔ ጠርጌያታለሁ» ብሎ አለፈው። በመስከረም 2018 ተሻላቸው። «አምጣት» አሉ። አመጣ። መዳፋቸው ላይ አስቀመጣት።

ወርቅ ከባድ ነገር ነው፤ በዚያው ልክ የተሠራ ናስ ግማሽ ያህሉን ቢመዝን ነው። ዓይን ይህን አያይም። አኮ መዳፋቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጠርዟን ዞሯት፤ ሃምሳ ዓመት ጥፍራቸው ሲያነበው የነበረው ጽሑፍ የለም። ጠረጓት። ሙዳይዋ ውስጥ መለሷት። «ዓመት ዓመት ያድርሰን» አሉና ቡናቸውን ጠየቁ።

ሁለት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ ሦስት ሽማግሌ አስጠሩ። ልጁ ስለ ጋብቻው ሊመክሩ የመጡ መስሎት በግ ሊገዛ ነበር። አንዱ ሽማግሌ እህል ነጋዴ የነበሩ ናቸው፤ ሁለተኛው በደርግ ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን የተማሩ ጡረተኛ መምህር፤ ሦስተኛው እድሜ ልካቸውን ሲያርሱ የኖሩ፣ ንግግር የማያበዙ። አኮ ሙዳይዋን ከፍተው ሳንቲሟን ሰጧቸው።

«ዓይን ያላችሁ እዩልኝ» አሉ።

ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። መምህሩ ጠርዟን እያገላበጡ ቆዩና፣ «እዚህ ላይ ጽሑፍ መኖር ነበረበት» አሉ። ልጁ ያኔ ተነሥቶ ቆመ። «ሸጬዋለሁ» አለ። ቀጥሎም እየሮጠ ወደ ጓዳ ገብቶ አንድ ፖስታ ይዞ ወጣ። «የሸጥኩበትን ግን እስከ መጨረሻዋ ብር መልሼ አጠራቅሜያለሁ። ይኸው። ቁጠሩት።»

እውነቱን ነው። የኋላ ሽንኩርቱ ቀንቶታል፤ ገንዘቡ ሙሉ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ፤ ወርቁም በዓለም ገበያ እየወጣ ነበር። ልጁ ፖስታውን ይዞ ፒያሳ ተመላልሷል፤ በዚያ ገንዘብ የሸጣትን ግማሽ እንኳ የሚሸጥለት አላገኘም።

የእህል ነጋዴው ቀድመው ተናገሩ። «ብር ወስዷል፣ ብር መልሷል። ባለቤቱም የለ። ልጁን ገሥጸን እንሂድ።»

«አንድ ነገር ልንገራችሁ» አሉ መምህሩ። «ጀርመኖች ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት ቤት አስይዘው፣ መሬት አስይዘው በወርቅ ማርክ የተበደሩ ሰዎች ነበሯቸው። በእነሱ አቆጣጠር በ1923 ኅዳር አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን የወረቀት ማርክ ገባ። ተበዳሪው ምን ያደርጋል? ለአንዲት ዳቦ በማትበቃ ኖት የቤቱን ዕዳ ከፍሎ መያዣዬን መልሱ ይላል። ሕጉም ከእሱ ጋር ነበር፤ ማርክ ምንጊዜም ማርክ ነው ይል ነበርና። በመጨረሻ አንድ ክስ ላይፕሲክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ፤ መሬቱ እዚሁ አፍሪካ፣ የዛሬዋ ናሚቢያ ሉደሪትዝ ያለ ነው። ዳኞቹ በዚያው በኅዳር ወር፣ እንዲህ ያለው አከፋፈል ቅን ልቡና የለበትም፣ አበዳሪው አልቀበልም ማለት ይችላል ብለው ፈረዱ።»

«ታዲያ ሙሉውን አስከፈሉ?» አሉ የእህል ነጋዴው።

«ኋላ በ1925 ሕግ ወጣ። በመያዣ ለተሰጠ ብድር ሩቡ እንዲከፈል።»

«ሩቡ ብቻ?»

«ሩቡ።»

የእህል ነጋዴው ፖስታውን አነሡት። «ይሄማ ከሩብ ይበልጣል! ጀርመን የፈረደውን እኛ ለምን እናጠብቃለን?»

ሦስተኛው ሽማግሌ እስካሁን ዝም ብለው ነበር። «እነዚያ ተበድረው ነው» አሉ። «ሰጪውም ተቀባዩም እያወቁ፣ ተስማምተው። ይሄ ልጅ ከማን ጋር ተስማማ? ሩብ አደራ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም።»

መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም አደራን ከብድር ለይቶ ለየብቻ እንደጻፈው ጠቀሱ። ሕግ ባይጠቅሱም ነገሩ አልቆ ነበር። ልጁ የተፈረደበት ሳንቲም ነው፤ ያው ንጉሥ፣ ያው ዓመት፣ ያው ክብደት። ይቻላል ወይ ቢባል ይቻላል፤ በሚሊዮን የተቀረጸች ስለሆነች ጀርመን የሳንቲም ነጋዴ ቤት ከወርቅ ዋጋዋ ብዙ ሳትርቅ ትሸጣለች፣ መምህሩም የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛቸውን እንደሚጠይቁ ተናገሩ። የሚቸግረው ገንዘቡን መሙላቱ ነው።

«ለማን ነው የምመልሰው?» አለ ልጁ፤ ድምፁ ተቆርጦ ነበር። «ሰውዬው ሞቷል እኮ። አኮ፣ ልጁም ሞቷል።»

«ለሙዳይዋ» አሉ አኮ።

ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ሲነሡ አኮ እጃቸውን አነሡ፤ አልጨረስኩም ማለታቸው ነው። «ነገ አደራ ያለው ሰው ሁሉ ይጠራልኝ። እየመጣ የየራሱን ይውሰድ።»

እዚህ ላይ ሦስቱም አንድ ላይ ተቃወሙ፤ ሦስተኛው ሽማግሌ ሳይቀሩ። የሰው ንብረት አንድም አልተነካ፤ ልጁ ቃል ገብቷል፤ ዓመት ሁለት ዓመት ቢፈጅ ነው። እስከዚያ ዝም ቢባል የሚጎዳ የለም፤ ቢወራ ግን ቤቱ ይፈርሳል። «አሁን ሁሉም ቢያወጣ የዕቁቡስ፣ የደብተሩስ መቀመጫ የት ሊሆን ነው?» አሉ የእህል ነጋዴው። «ሙዳይዋን የሚያይ ሰው ወርቅ ነው የሚያየው። ማን ያውቃል?»

«እኔ» አሉ አኮ።

በማግሥቱ ከጠዋት ጀምሮ ሰው መጣ። አኮ በረንዳ ላይ ተቀምጠው እንደ 2013ቱ ቋጠሮውን ሁሉ እየዳሰሱ ሰጡ፤ ልጁ ከጓዳ እያመላለሰ ያቀብላል። ለእያንዳንዱ ሰው ምክንያቱን እሱ እንዲናገር ታዟል፤ ተናገረም። አንዳንዱ ሳይሰማው የቀረ መስሎ ዕቃውን ተቀብሎ ወጣ። አንዳንዱ ረገመው። ወንድማማቾቹ ደብተራቸውን አንዱ ለሌላው ያዝ እያለ በር ላይ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ሦስተኛው ሽማግሌ ተቀበሏቸው። ከዓረብ አገር የመጣችው ልጅ አለቀሰች፤ ሐብሏን አሁን የምትደብቅበት የላትም። ከዚያ ሁሉ ሰው ግን ቋጠሮውን ፈትቶ የቆጠረ አልነበረም።

ወደ ማምሻው አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ መጣች። ከደራ እየጫነች አዳማና አዲስ አበባ የምታራግፍ፣ ደላላው ሁሉ የሚፈራት ሴት ናት። ልጁ የሆነውን ነገራት። ፌስታሏን ተቀበለች። በረንዳው ላይ ቁጭ አለች፣ ፌስታሉን ፈታች፣ ጣቷን በምራቋ አርሳ መቁጠር ጀመረች። ኖቱ ሲንኮሻኮሽ አኮ ሰሙት። ከጋብቻቸው ጀምሮ በዚያ ቤት ያልተሰማ ድምፅ ነው። ፊታቸውን አላዞሩም። ልጁ መብራት አምጥቶ ከጎኗ ቆመ፤ እሷም ቶሎ አልጨረሰችም። ጨርሳ እንደገና ጀመረች።

«ሙሉ ነው» አለች።

«መሆን ያለበት ነው» አሉ አኮ።

ሴትየዋ ገንዘቡን መልሳ ቋጠረችና ወደ አኮ ገፋ አደረገችው። «ይቀመጥልኝ። ቆጥሬያለሁ፣ አይቻለሁ፤ እኔ እናንተን ትቼ የት እሄዳለሁ?»

«ሙዳይዋ ባዶ ናት፤ ስትሞላ ትመጫለሽ» አሉና ፌስታሉን በእጃቸው ዳሰው ወደ እሷ መለሱት።

ሴትየዋ ትንሽ ተቆጣች፤ ቁጣዋን የሚቀበላት ስታጣ ወደ ልጁ ዞረች።

«አንተ! ስንት ግራም ይጎድልሃል?»

«ከግማሽ በላይ።»

«ሌሊት አሥር ሰዓት መኪና እጭናለሁ። ተሸካሚ ጎድሎኛል። የቀን ሂሳብህን በየዕለቱ ታገኛለህ፤ ዱቤ የለም፣ ቅድሚያም የለም።» ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። «እንዳታስጠብቀኝ።»